ቴትራቡታይል አሞኒየሙን ከማሽኑ አውጡት

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ ድሬዳዋ ውስጥ የውሃ ናሙና የምንመረምር ኬሚስቶች ነን። የጉድጓድ ውሃና ገበያ ላይ የሚሸጠው በረኪና ውስጥ ያለውን ፐርክሎሬት (አንድ ክሎሪንና አራት ኦክስጅን ያለው ነጌቲቭ አዮን) መለካት እንፈልጋለን። ያለን ማሽን ሲንግል ኳድሩፖል ኤልሲ-ኤምኤስ ነው፤ ናሙናውን ኮለም በሚባል ቱቦ ለይቶ አዮኖቹን በክብደታቸው የሚያሳይ። ነጌቲቭ ሞድ ላይ (ማሽኑ ነጌቲቭ አዮኖችን ብቻ ሲያይ) የፐርክሎሬቱን ክብደት፣ ማስ 99ን፣ ስንከታተል ቤዝላይኑ (መነሻ መስመሩ) ይዘላል፣ ኖይዙ ፒኩን ይውጠዋል። የውሃ ናሙና ስናስገባ ደግሞ ትልቅ ፒክ ይመጣል፤ ፐርክሎሬት ይሁን ሌላ ግን አናውቅም። አንድ ባልደረባችን ‹አዮን ፔሪንግ ሪኤጀንት ጨምሩበት፣ ነጌቲቩ አዮን በፖዘቲቭ ሞድ ይታያችኋል› አለን። 5 ሚሊሞላር ቴትራቡታይል አሞኒየም ሞባይል ፌዙ (ኮለሙ ውስጥ የሚፈሰው ፈሳሽ) ውስጥ ጨመርን። ከዚያ ወዲህ ፐርክሎሬቱ ቀርቶ ሌላው ሥራችንም ተበላሸ። ፖዘቲቭ ሞድ ላይ ምንም ብናስገባ የሚታየን 242 ብቻ ነው። ምን አጠፋን? ናይትሬቱንስ አብረን መለካት እንችላለን?»

ባልደረባችሁ የነገራችሁ እውነት ነው። እናንተ የሠራችሁት ግን እሱን አይደለም። ሁለት የተለያዩ ዘዴዎች በአንድ ስም ስለሚጠሩ ብዙ ሰው ይምታታበታል።

አንደኛው ዘዴ ኮለም ላይ የሚሠራ ነው። ፐርክሎሬትን የመሰለ ትንሽ ነጌቲቭ አዮን ተራ ሲ18 ኮለም (ቅባታማ ሙሌት ያለው) ላይ አይቆይም፤ ከሞባይል ፌዙ ጋር ሮጦ ይወጣል። ቅባትነት ያለው ፖዘቲቭ አዮን ሲጨመር ኮለሙ ላይ ይለጠፍና ነጌቲቩን ይይዝለታል። ፒኩ ዘግይቶ፣ ከሌላው ተለይቶ ይወጣል። ይሄ የመለየት ሥራ ነው። በዩቪ ዲቴክተር ዘመን ሲሠራበት የኖረ ጥሩ ዘዴ ነው።

ሁለተኛው ከኮለሙ በኋላ ይመጣል። ዓላማው መለየት ሳይሆን ማሳየት ነው። የሚጨመረው ነገርም ሌላ ነው፣ መጠኑም ሌላ ነው፣ ቦታውም ሌላ ነው። ባልደረባችሁ የሰማው ይሄንን ነው። እናንተ ግን የመጀመሪያውን ሪኤጀንት ይዛችሁ የሁለተኛውን ውጤት ጠበቃችሁ።

ሂሳቡን እንሥራው። ቴትራቡታይል አሞኒየም አንድ ፖዘቲቭ ቻርጅ አለው። ፐርክሎሬት አንድ ነጌቲቭ አለው። ሲጣመሩ ዜሮ ይሆናሉ። ማስ ስፔክትሮሜትር ደግሞ ቻርጅ የሌለውን ነገር አያይም። ስለዚህ ጥንዱ በደንብ ቢፈጠር እንኳ ዲቴክተሩ ጋ አይደርስም። ሁለት ቴትራቡታይል አንድ ፐርክሎሬትን መሃል ይዘው ማስ 583 እና 584 አካባቢ ብቅ ማለት ይችላሉ። ግን እሱን ተማምኖ ጥቂት መጠን መለካት አይመከርም።

242 ራሱ ቴትራቡታይል አሞኒየም ነው። ቻርጁ ቋሚ ስለሆነ አሲድ ብታደርጉም ቤዝ ብታደርጉም አይለቀውም። ጋዝ ሆኖ አይተንም። ኤሌክትሮስፕሬዩ፣ ማለትም ፈሳሹን ቻርጅ ባለው ጠብታ የሚረጨው የማሽኑ ክፍል፣ የሚያወጣው ጠብታ ላይ ደግሞ ላይኛውን ገጽ ይይዛል። ለሌላው ሞለኪውል የሚተርፍ ቦታም ቻርጅም የለም። ሌላው ሥራችሁ የተበላሸው በዚህ ነው። በርበሬ የነካ እጅ ታጥቦም ዓይን እንደሚያቃጥለው፣ ይሄ ነገር በአንድ ቀን ውሃና ሜታኖል ከቱቦ ውስጥ አይለቅም።

አሁኑኑ አንድ ነገር አድርጉ። የቴትራቡታይሉን ጠርሙስ አንሡና ጨውነቱን አንብቡ። «ሃይድሮጅን ሰልፌት» የሚል ከሆነ ነጌቲቭ ሞድ ላይ 97 እና 99ን በገዛ እጃችሁ ጨምራችኋል ማለት ነው። ለምን እንደሆነ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

አጽዱ ስል እንዲህ ነው። መጀመሪያ ከኮለሙ ወደ ማሽኑ የሚሄደውን ቱቦ ነቅላችሁ ቆሻሻ መቀበያ ጠርሙስ ውስጥ ክተቱት፤ የሚታጠበው ነገር ማሽኑ ውስጥ እንዳይገባ። ኮለሙን አውጡና በቦታው ማገናኛ ግጠሙ። ግማሽ ውሃ፣ ግማሽ ሜታኖል፣ 0.1 በመቶ ፎርሚክ አሲድ ያለበት ለረጅም ሰዓት ይፍሰስ። ቀጥሎ አይሶፕሮፓኖል። የዲጋሰሩን መስመር፣ የአውቶሳምፕለሩን መርፌና የመርፌ ማጠቢያውን ጠርሙስ አትርሱ። ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሱ ነው። የማሽኑን ኮንና ስፕሬይ ካፒላሪ አውጥታችሁ ለየብቻ እጠቡ። የሞባይል ፌዝ ማጣሪያዎቹን ቀይሯቸው፤ ርካሽ ናቸው። ኮለሙን ግን ለማጽዳት አትድከሙ። ላዩ ላይ ጻፉበትና ለዩቪ ሥራ አስቀምጡት። ወደ ማስ ስፔክትሮሜትር አይመለስ።

አዮን ፔሪንግ ለመለየት ብቻ ከተፈለገ ለማስ ስፔክትሮሜትር የሚስማሙ ተናኝ አሚኖች አሉ። ትራይቡታይል አሚንን ወይም ሄክሲል አሚንን ከአሴቲክ አሲድ ጋር የሚጠቀሙ ብዙ ናቸው። እነሱም ቢሆኑ ለቀናት ዱካ ይተዋሉ። ፖዘቲቭ ሞድ ላይ ሌላ ሥራ የሚሠራ አንድ ማሽን ብቻ ላለው ላቦራቶሪ አልመክርም።

አሁን ወደ ትክክለኛው ዘዴ። አሜሪካ ያሉት የኬሚስቶቹ የአርምስትሮንግና የዳስጉፕታ ቡድኖች በ2005 እ.ኤ.አ. ያወጡት ሥራ ነው። የመጀመሪያ ዒላማውም እናንተ የምትፈልጉት ፐርክሎሬት ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሁለት ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው ሞለኪውል፣ ማለትም ዳይካታዮን፣ አንድ ነጌቲቭ ካለው አዮን ጋር ሲጣመር አንድ ፖዘቲቭ ይተርፋል። ጥንዱ በፖዘቲቭ ሞድ ይታያል። ሁለት ነጌቲቭ ላለው እንደ ሰልፌት ዓይነት አዮን ደግሞ ሦስት ፖዘቲቭ ያለው ሪኤጀንት ይወሰዳል። አሁንም አንድ ይተርፋል።

በብዛት የተሠራበት ዳይካታዮን ሁለት ሜታይል ኢሚዳዞሊየም ራሶች በ9 ካርቦን ሰንሰለት የተያያዙበት ነው። ክብደቱ 290 ነው። ቻርጁ ሁለት ስለሆነ ለብቻው ሲሆን ማስ 145 ላይ ይታያል። ፐርክሎሬቱ 99 ሲጨመርበት 389 ላይ ይወጣል። ሰንሰለቱ ረጅምና ተጣጣፊ መሆኑ ያለምክንያት አይደለም። ሁለቱ ራሶች ተጠማዘው አዮኑን ከሁለት ወገን ያቅፉታል። አጭርና ግትር ሰንሰለት ያላቸው ብዙ ጊዜ ደካማ ናቸው። በኋላ የመጡ ጥናቶች ደግሞ ጥንዱ የጠብታው ገጽ ላይ በወጣ ቁጥር ሲግናሉ እንደሚጨምር አሳይተዋል።

ጥቅሙ ሦስት ቦታ ላይ ነው። አንደኛ፣ ነጌቲቭ ሞድ ውሃ የበዛበት ሞባይል ፌዝ ላይ ሲሠራ የስፕሬዩ ጫፍ ኤሌክትሮን መርጨት ይጀምራል፤ ኮሮና የሚባለው ነው። ቤዝላይናችሁ የሚዘልበት አንዱ ምክንያት ይሄ ሊሆን ይችላል። ፖዘቲቭ ሞድ ላይ ይሄ ችግር በጣም ይቀንሳል። ሁለተኛ፣ ከማስ 100 በታች ያለው ሰፈር ቆሻሻ የበዛበት ነው፤ ፎርሜቱ 45፣ አሴቴቱ 59፣ ሌላውም ሌላውም። 389 አካባቢ ይሻላል። ሦስተኛ፣ አዮን ትራፕ የሆኑ ማሽኖች ትንንሽ ማሶችን መያዝ ይቸግራቸዋል፤ ጥንዱ ከዚያ ያወጣቸዋል።

እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው የሚስተውን ነገር ልናገር። ጥንዱ ማሱን ከፍ ያደርገዋል እንጂ አንድ ዓይነት ማስ ያላቸውን ሁለት አዮኖች አይለያያቸውም። ሁለቱም እኩል 290 ይጨመርባቸዋል። 99 ላይ የሚጋጩ ነገሮች 389 ላይም ሊጋጩ ይችላሉ።

የእናንተ ትልቁ ፒክ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ሰልፌት አንድ ሃይድሮጅን ይዞ ነጌቲቭ ሞድ ላይ 97 ላይ ይታያል። ከተፈጥሮ ሰልፈር ውስጥ 4 በመቶ ያህሉ ግን ከባዱ ሰልፈር 34 ነው። እሱ የያዘው ሰልፌት በቀጥታ 99 ላይ ይቀመጣል። ውሃው በሊትር 50 ሚሊግራም ሰልፌት ቢኖረው ከዚያ ውስጥ ወደ 2 ሚሊግራም የሚሆነው 99ን የሚያጨናንቅ ነው። እናንተ የምትፈልጉት ፐርክሎሬት በሊትር 1 ማይክሮግራም ነው እንበል። ጠላቱ 2000 እጥፍ ይበዛዋል። ዳይካታዮኑ እዚህ ላይ ትንሽ ያግዛል። ሃይድሮጅን ያልያዘው ሰልፌት ሁለት ነጌቲቭ ስላለው ከዳይካታዮኑ ጋር ሲጣመር ዜሮ ሆኖ ይጠፋል። ያግዛል እንጂ ሙሉ በሙሉ አያድንም። ሰልፌቱን በኮለም በጊዜ መለየት ግዴታ ነው።

ፐርክሎሬት መሆኑን የምታረጋግጡት በክሎሪን ነው። ከክሎሪን ሦስት አራተኛው 35 ነው፣ አንድ አራተኛው 37። ስለዚህ 389 ላይ ፒክ ካለ 391 ላይም፣ በዚያው ደቂቃ፣ አንድ ሦስተኛውን የሚያህል ፒክ መኖር አለበት። ነጌቲቭ ሞድ ከሆነ 99 እና 101። ይሄ ካልሆነ ፒኩ ምንም ያህል ቢያምር ፐርክሎሬት ብላችሁ አትመዝግቡት። ስታንዳርዱን አስገብታችሁ በራሳችሁ ማሽን የሚወጣውን ሬሾ መጀመሪያ ያዙ፤ ናሙናውን በእሱ መዝኑ።

አገጣጠሙ ቀላል ነው። ከኮለሙ መውጫና ከስፕሬዩ መሃል ባለ ሦስት አፍ ማገናኛ ይገባል። በአንዱ አፍ ከኮለም የሚመጣው በደቂቃ 0.3 ሚሊሊትር ይገባል። በሌላው ከሁለተኛ ፓምፕ የዳይካታዮን ውህድ በደቂቃ 0.1 ሚሊሊትር ይገባል። በጥናቶቹ የተለመደው 40 ማይክሮሞላር ነው፤ ሲቀላቀል 10 ማይክሮሞላር ይሆናል። እናንተ የጨመራችሁት ቴትራቡታይል ከዚህ 500 እጥፍ ነበር! ሁለተኛ ፓምፕ ከሌላችሁ ጥሩ ሲሪንጅ ፓምፕ ይሠራል። ምቱ የሚንቀጠቀጥ አሮጌ ፓምፕ ግን አትግጠሙ። ንቅናቄው በሙሉ ቤዝላይን ላይ ታገኙታላችሁ።

የሪኤጀንቱ ጨውነት ወሳኝ ነው። ዳይካታዮኑ ሲሠራ አብዛኛውን ጊዜ ብሮማይድ ይዞ ነው የሚወለደው፤ ዳይብሮሞኖኔን ከሜታይል ኢሚዳዞል ጋር ሲሞቅ የሚገኝ ነው። ብሮማይድ ራሱ ከዳይካታዮኑ ጋር በደንብ ይጣመራል፤ ለፐርክሎሬቱ የተዘጋጀውን ቦታ ቀድሞ ይይዛል። ስለዚህ በአዮን መለዋወጫ ሬዚን ወደ ፍሎራይድ ይቀየራል። ፍሎራይድ ውሃን አጥብቆ ስለሚይዝ ከዳይካታዮኑ ጋር ብዙም አይጣበቅም። መቀየሩን ለማወቅ ውህዱን ብቻውን ወደ ማሽኑ ላኩት። 369 እና 371 ላይ እኩል ቁመት ያላቸው መንታ ፒኮች ካያችሁ ብሮማይዱ አልወጣም፤ ሬዚኑን ድገሙት። እኔ ይሄን ሳላይ ናሙና አላስገባም። ዳይብሮሞኖኔኑም ሆነ ሜታይል ኢሚዳዞሉ ቆዳና ዓይን ይጎዳሉና ሥራው ጭስ ማውጫ ሁድ ውስጥ፣ በጓንትና በመነጽር ይሁን። ሁዱ በደንብ የማይስብ ከሆነ ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን ግዙ።

ማሽኑ ላይ የኮን ቮልቴጁን ዝቅ አድርጋችሁ ጀምሩ። ጥንዱ በመሳሳብ የተያያዘ ነው፤ ኃይል ሲበዛበት ይፈታል። ስታንዳርድ እያፈሰሳችሁ 389 የሚበዛበትን ቮልቴጅ ፈልጉ። ሌላ ላቦራቶሪ የተጠቀመበትን ቁጥር መገልበጥ አይሠራም።

ሁሉም ነጌቲቭ አዮን በዚህ ዘዴ እኩል አይጠቀምም። ውሃ የማይወዱት፣ እንደ ፐርክሎሬት፣ አዮዳይድና ታዮሳይናኔት ያሉት፣ በደንብ ይጣመራሉ። ፍሎራይድ ግን በዚህ ዘዴ አይሆንም። ስምጥ ሸለቆ ያሉ ባልደረቦች ይሄን ጽሑፍ አይተው ፍሎራይድ ልንለካበት ቢሉ መልሴ «በአዮን ሴሌክቲቭ ኤሌክትሮዳችሁ ቀጥሉ» ነው።

ወደ ድሬዳዋ ውሃ ልምጣ። ሳቢያን ሰፈር የሚኖር ሰው የሻይ ማንቆርቆሪያውን ውስጥ ቢያይ ነጩን ንጣፍ ያውቀዋል። ውሃው በኖራ ድንጋይ መሃል ያለፈ ነው፤ ካልሲየምና ባይካርቦኔት የበዛበት። ክሎራይዱም ናይትሬቱም አለበት። እነዚህ ሁሉ ነጌቲቭ አዮኖች ዳይካታዮኑን ይሻሙታል። ለምሳሌ በሊትር 100 ሚሊግራም ክሎራይድ ማለት 2.8 ሚሊሞላር ነው። እናንተ ያላችሁ ዳይካታዮን 10 ማይክሮሞላር ነው። ክሎራይዱ መንገድ ላይ 10 እጥፍ ቢቀጥን እንኳ ዳይካታዮኑን ሙሉ በሙሉ ሊይዘው ይችላል። በአንጻሩ በሊትር 1 ማይክሮግራም ፐርክሎሬት 10 ናኖሞላር ብቻ ነው። ብቻውን ከመጣ ዳይካታዮኑ 1000 እጥፍ ይበዛለታል። ብቻውን እንዲመጣ ማድረግ ነው ቁም ነገሩ።

ስለዚህ «ሪኤጀንቱ ካለ ኮለም አያስፈልግም» የሚል ካጋጠማችሁ አትስሙት። ፐርክሎሬትን ለመለየት የሚሻለው የአዮን መለዋወጫ ኮለም ነው። ፐርክሎሬት እዚያ ላይ አጥብቆ ይያዛል፤ ክሎራይዱ፣ ናይትሬቱና ሰልፌቱ ቀድመውት ይወጣሉ። የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች በቫልቭ ወደ ቆሻሻ ምሯቸው፤ ማሽኑ ጋ አይድረሱ። ኤሉየንቱ (ኮለሙ ውስጥ የሚፈሰው ፈሳሽ) ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ከሆነ ያለ ሰፕረሰር፣ ማለትም ፖታሲየሙን አስወግዶ ኤሉየንቱን ወደ ውሃ የሚቀይር መሣሪያ፣ ወደ ማስ ስፔክትሮሜትር መላክ አይታሰብም። ሰፕረሰር ካለ የሚወጣው ውሃ ነው ማለት ይቻላል፤ ለዳይካታዮኑም ከዚህ የተሻለ የለም። ፎርሜት ወይም አሴቴት በሚሊሞላር ደረጃ ያለበት ሞባይል ፌዝ ግን ዳይካታዮኑን ይበላዋል። ጥንዱ 335 ወይም 349 ላይ በርክቶ ካያችሁ እሱ ነው።

ለከባዱ ውሃ ናሙናውን በባሪየም፣ በብርና በሃይድሮጅን ካርትሪጅ ማሳለፍ ይረዳል። ባሪየሙ ሰልፌቱን፣ ብሩ ክሎራይዱን፣ ሃይድሮጅኑ ካርቦኔቱን ያስወግዳል። ካርትሪጁ ገንዘብ ነው፤ አውቃለሁ። ሁሉንም ናሙና ከማሳለፍ በፊት ኮንዳክቲቪቲ ለኩ፣ ከፍ ያለባቸውን ብቻ አሳልፉ። ከካርትሪጁ በፊት የታወቀ ፐርክሎሬት ጨምራችሁ ምን ያህል እንደሚመለስ ማየት ግን ለሁሉም ዓይነት ውሃ የግድ ነው።

ከቻላችሁ ኦክስጅኖቹ በሙሉ 18 የሆኑበትን ምልክት የተደረገበት ፐርክሎሬት ግዙ። ክብደቱ 107 ነው፤ ከዳይካታዮኑ ጋር 397 ላይ ይወጣል። ከናሙናው ፐርክሎሬት ጋር በአንድ ደቂቃ ስለሚወጣ አንዱ የተጨቆነበት ነገር ሌላውንም ይጨቁነዋል። ሬሾው ይድናል። አንድ ትንሽ አምፑል ቀጥናችሁ ስትጠቀሙበት ለብዙ ጊዜ ይበቃል።

የናሙና አያያዙም ቀላል ነገር አይደለም። ፐርክሎሬት ሙቀት ብዙም አይበግረውም፤ ኦክስጅን ባጣ ናሙና ውስጥ ግን ባክቴሪያ ይበላዋል። ሜዳ ላይ በ0.2 ማይክሮሜትር አጣሩ። ጠርሙሱን እስከ አፉ አትሙሉት፤ ትንሽ አየር ይኑረው። በረዶ ላይ ይምጣ፤ ከ6 ዲግሪ በታች ይቀመጥ። በዚህ መልክ 28 ቀን ይቆያል። ከጠዋት እስከ ከሰዓት መኪና ውስጥ የዋለ የድሬ ናሙና ሲመጣላችሁ መልሱት።

ናይትሬትን አብራችሁ ለመለካት አትሞክሩ። ይቻላል፤ ከዳይካታዮኑ ጋር 352 ላይ ይታያል። ግን ለምን? ናይትሬት የሚለካው በሚሊግራም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 50 ሚሊግራም ነው። ከተማው ውስጥ ባሉ ጉድጓዶች ይሄ ወሰን ያለፈበት ጊዜ በጥናት ተመዝግቧል፤ አሸዋማው መሬትና የመጸዳጃ ጉድጓዱ ጎረቤት ናቸውና አይገርምም። ለዚህ በዩቪ ስፔክትሮፎቶሜትር 220 ናኖሜትር ላይ ለክታችሁ በ275 ማስተካከል ይበቃል። 10 እጥፍ አቅጥኑት። ናይትሬት በዛ የሚል ውጤት ለማውጣት ማስ ስፔክትሮሜትር ማስነሳት አያስፈልግም።

አንድ ነገር ግን ይያያዛል። ፐርክሎሬት የሚያስፈራው ታይሮይድ እጢ አዮዲን እንዳታስገባ ስለሚከለክል ነው። ናይትሬትም በዚያው በር ይሻማል፤ ጉልበቱ ያነሰ ቢሆንም። ስለዚህ ሪፖርቱ ላይ ሁለቱን ቁጥሮች ለየብቻ ለክታችሁ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ጥሩ ነው።

በረኪናው የተለየ ጉዳይ ነው። እውነቱን ለመናገር ከጉድጓዱ ውሃ ይልቅ እኔን የሚስበኝ እሱ ነው። በረኪና ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ነው። ሲቆይ ራሱን በራሱ ይበላል፤ መጀመሪያ ክሎሬት ይሆናል፣ ክሎሬቱ ከቀረው ሃይፖክሎራይት ጋር ተገናኝቶ ፐርክሎሬት ይሆናል። ይሄን የሚያፋጥኑት ሁለት ናቸው፦ ሙቀትና ክምችት። እዚያው ድሬዳዋ ታይዋን የሚባለው ገበያ በር ላይ ፀሐይ ሲመታው የሚውለውን ጀሪካን አስቡት። አንዱን በፍሪጅ፣ አንዱን በክፍል ሙቀት፣ አንዱን በረንዳ ላይ አስቀምጣችሁ በየሳምንቱ ብትለኩ ለከተማው የሚጠቅም ሥራ ይወጣዋል። ቀጥኖ በጥላ የተቀመጠው ቀስ ብሎ ነው የሚበላሸው።

በረኪናን ግን እንዳለ ወደ ኮለም እንዳታስገቡ። ሃይፖክሎራይቱ ኮለሙን ያቃጥለዋል። መጀመሪያ በብዙ እጥፍ አቅጥኑት፤ ከዚያ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ ሃይፖክሎራይቱን አጥፉት። አረፋ የሚሆነው ኦክስጅን ስለሚወጣ ነው። ያልቀጠነ በረኪና ላይ ፐርኦክሳይድ ማፍሰስ አደገኛ ነው፤ ክዳኑንም ጥብቅ አድርጋችሁ አትዝጉ። አሲድ ደግሞ በምንም ዓይነት አታስጠጉት፤ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ካርትሪጅ የምትጠቀሙ ከሆነም መጀመሪያ ሃይፖክሎራይቱ መጥፋቱን አረጋግጡ።

ሌላው ጥንቃቄ ክሎሬቱ ነው። ያረጀ በረኪና ውስጥ ክሎሬቱ በግራም፣ ፐርክሎሬቱ በሚሊግራም ሊሆን ይችላል። ክሎሬት 83 ነው፤ ከዳይካታዮኑ ጋር 373። አንድ ውሃ ይዞ ከመጣ 18 ይጨመርበትና 391 ላይ ያርፋል፤ የፐርክሎሬቱን የክሎሪን 37 ፒክ ያሳብጠዋል። ሬሾው ከአንድ ሦስተኛ በላይ ሆኖ ካገኛችሁት በመጀመሪያ ይሄን ጠርጥሩ። ክሎሬቱና ፐርክሎሬቱ በጊዜ ከተለያዩ ችግሩ ይወገዳል። በነገራችን ላይ ክሎሬቱን ራሱን ለኩት፤ ለመጠጥ ውሃ የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 700 ማይክሮግራም ነው።

አሁን ምን ታድርጉ? መጀመሪያ የምትፈልጉትን መጠን ወስኑ። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የፐርክሎሬት ወሰን በሊትር 70 ማይክሮግራም ነው። ካሊፎርኒያ 6 ብላለች። ጥያቄያችሁ «ውሃው ከ70 በላይ ነው ወይስ በታች?» ከሆነ ማስ ስፔክትሮሜትርም አያስፈልግም። ሰፕረሰር ያለው አዮን ክሮማቶግራፍ በኮንዳክቲቪቲ ጥቂት ማይክሮግራም ድረስ ያያል። ቅርባችሁ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎችን ጠይቁ፤ እናንተ የሌላችሁ እነሱ ጋ ሊኖር ይችላል።

ከዚያ በታች መውረድ ካለባችሁ ነጌቲቭ ሞዱን ሳትፈትሹ ሪኤጀንት አትዘዙ። ፐርክሎሬት ነጌቲቭ ሞድ ላይ ደካማ አዮን አይደለም፤ እንዲያውም ከጥሩዎቹ አንዱ ነው። ማሽኑ ከጸዳ በኋላ የስፕሬይ ቮልቴጁን ቀንሱ፤ ሜታኖል ወይም አይሶፕሮፓኖል ከኮለሙ በኋላ ጨምሩና ቤዝላይኑ መዝለሉን ካቆመ ኮሮና ነበር ማለት ነው። ትሪፕል ኳድሩፖል (አዮኑን ሰብሮ ስብርባሪውን የሚያይ ማሽን) ያለው ሰው ከ99 ወደ 83፣ ከ101 ወደ 85 እያየ ምልክት ከተደረገበት ስታንዳርድ ጋር ሥራውን ይጨርሳል፤ ለእሱ ዳይካታዮን አልመክርም። የእናንተ ሲንግል ኳድሩፖል ግን አዮኑን እንዲህ መስበር አይችልም። ስለዚህ ነጌቲቩ ተስተካክሎም ማሽኑ ማየት የሚችለው ዝቅተኛ መጠን ከምትፈልጉት በላይ ከሆነ፣ ዳይካታዮኑን ከኮለም በኋላ፣ በፍሎራይድ ጨው፣ በ10 ማይክሮሞላር መግጠም ነው ምክሬ። ሌላ መንገድ አትሞክሩ። ለእሱ የሚሆነውን ቱቦና ማገናኛ ለብቻ መድቡ፤ እሱም ፖዘቲቭ ሞድ ላይ 145 እያለ ዱካውን ይተዋልና።

የናይትሬቱን ሥራ ግን ማሽኑ እስኪጸዳ አትጠብቁ። ዩቪው ካለ ዛሬውኑ ጀምሩት።